ተራውን የጠበቀ መጽሔት

ፋሩቅ ከልጁ ጋር ሊኖር ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ስካርቦሮ ሲሄድ፣ የዓሣ ገንዳውን ከነዓሦቹ፣ ስለ ዓሣ አያያዝ የሚያወሩ አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሔቶችንም ጨምሮ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ፎቅ ላይ ለቀረው ጎረቤቱ ለእሸቱ አደራ ሰጠው። እሸቱ ታክሲ መንዳት ካቆመ ወዲህ ጊዜ አላነሰውም። መጽሔቶቹን በየዕድሜያቸው ደረደረና ከአሮጌው ጀምሮ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ከራት በኋላ አንድ አንድ ያነብ ጀመር። መዝለል የለም። ወደ አማርኛ እየመለሰ ጮክ ብሎ ስለሚያነብ፣ ሚስቱ ጸሐይወርቅም ልብስ እያጣጠፈች ስለ ውኃ ሙቀትና ስለ ዓሣ ስንጥብ ሳትወድ በግድ ተማረች።

ከሁለቱ ቢጫ ዓሦች ትንሿ ምግብ ተወች። ፋሩቅ ከመሄዱ በፊት ገዝቶ ስም እንኳ ሳያወጣላት የሳሳላት እሷ ነበረች። ሌሎቹ ለምግብ ሲሻሙ እሷ ከድንጋይ ኋላ ትቆማለች። አገጯ አብጧል። እንዲህ ከሆነች ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው።

«ጉሮሮዋን ነው» አለች ጸሐይወርቅ። «ለፋሩቅ ኮል አድርግለት።»

«ምን ልበለው? አደራህን አሳመምኩት?»

«እሁድ መምጣቱ አይቀር። እንግዲያው ፈልግ! ሽፋኑ ላይ እሷን የምትመስል ያለችበት መጽሔት ካርቶኑ ሥር አለ፤ ዓይቼዋለሁ።»

«ተራው ሲደርስ።»

«ተራው እስኪደርስ ተዝካሯን እናወጣለን።»

በማግስቱ ጠዋት ጸሐይወርቅ የተቀቀለ አተር ልጣ በጣቶቿ አፈረጠችና፣ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ገንዳው ውስጥ ከተተች።

«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ።» ዓሣዋ ሸሸች። እጇም ተከተላት። «እኔን ቅበሪኝ! ይቺን ብቻ!»

ሠርግ ቤት «ጠገብኩ» ያለ እንግዳ ከዚህች ሴት ጉርሻ አምልጦ አያውቅም።

«ተያት ጸሐይ፤ አስጨነቅሻት።»

«አንተ ካላነበብክ እኔ አበላታለሁ!»

እሸቱ ካርቶኑን አየ። ሠላሳ ዓመት ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራውን ጠብቆ ሠርቷል፤ ማንንም ቀድሞ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ እጁን እስከ ካርቶኑ ሥር ሰደደና መጽሔቱን መዘዘው። ቆሞ በልቡ አነበበ።

«ምን ይላል? ጮክ በል እንጂ!»

«እጅሽን አውጪ። ቀስ ብለሽ።»

«ምን ሆነች?»

«አልታመመችም። ልጆቿ አፏ ውስጥ ናቸው። እንቁላሉን በአፏ ለቅማ ትይዛለች፤ እዚያው ይፈለፈላል። ራሳቸውን እስኪችሉ ምግብ አትቀምስም ይላል። ካስጨነቋት ግን ወይ ትተፋቸዋለች፣ ወይ ትውጣቸዋለች።»

ጸሐይወርቅ እጇን አወጣች። አተሩ አሁንም በጣቶቿ መካከል ነበር። ውኃው በክንዷ ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የዓሣዋን አገጭ ትክ ብላ አየች።

«እኔ ደግሞ ብዪ እላታለሁ» አለች፣ በሹክሹክታ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ በር በኃይል አልተዘጋም።

እሁድ ፋሩቅ መጣ። ነገሩን ሲነግሩት በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«መጽሔቱ እኮ ያንተ ነው» አለው እሸቱ።

«እኔማ ሥዕሉን ነበር የማየው።»

ጸሐይወርቅ ምግብ አቀረበች፤ ፋሩቅ አንዴ ሳይጎርስ ግን እሸቱ እጁን አነሳ። ቢጫዋ ከድንጋዩ ኋላ ወጥታ ቆማለች። አፏ በጥቂቱ ተከፈተ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ብቅ አለች፤ ሁለት ዓይን ነበራት። ወጣች። ሌላም ወጣ፤ ከዚያ ብዙ፣ ቢጫ ቢጫ፣ ከእናታቸው ፊት እንደ ትንኝ ተንጠልጥለው ቆሙ።

ፋሩቅ ሳያስበው ወደ ገንዳው መስተዋት ተጠጋ። ጥላው ውኃው ላይ ወደቀ። እናቲቱ አፏን ከፈተች፤ ሁሉም ተግተልትለው ገቡ። ውኃው እንዳልነበሩበት ሆነ። አገጯ እንደገና ሞላ።

ፋሩቅ አንድ እርምጃ፣ ከዚያም ሌላ፣ ወደ ኋላ ሸሸ። ሦስቱም እንደገና አፏን እስክትከፍት ጠበቁ።

ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ። ጸሐይወርቅ እንግዳዋን ብላ አላለችውም።