ሁለቱ የዓመት ቦታዎች

ድንጋይ ጠራቢው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከሰው ጋር የሚያወራው ሲገደድ ብቻ ነው። በሥራ ቤቱ ጥግ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ የመቃብር ድንጋይ አለ፤ የእሷ ነው። ስሟ ተቀርጿል፣ የተወለደችበት ዓመትም ተቀርጿል። ከሰረዙ ማዶ፣ የሞተችበት ዓመት ቦታ ግን ባዶ ነው። የስንቱን ሰው መጨረሻ ዓይኑን ሳያሽ የቀረጸ እጅ፣ እዚያች ላይ ሲደርስ መሮው ይከብደዋል። "ነገ" ይላል። ነገም ሌላ ነገን ይወልዳል። መቃብሯም ያለ ድንጋይ፣ አፈሩን ዝናብ እየበላው ሰነበተ።

በዚህ መሃል ነው ቄሱ ከአዲሱ ቤተ ክርስቲያን በር በላይ የሚገባ ድንጋይ ያዘዙት። የሚጻፈው አጭር ነው፤ "እግዚአብሔር ለዘላለም ይነግሣል"። ጠራቢው ደስ አለው። ሞት የሌለበት ሥራ ካገኘ ስንት ዘመኑ!

ይህ ሰው ካስተማሩት ሽማግሌ ጠራቢ የወረሰው አንድ ልማድ ነበረው። ድንጋዩን ፊደል ሳይነካው፣ በግርጌው በኩል ሁለቱን የዓመት ቦታዎች ይቆፍራል፤ አንዱ ለልደት፣ አንዱ ለሞት፣ በመካከላቸው ሰረዝ። "ስም ይደርሳል፤ ጠርዙ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሳትደክምበት ይሰንጠቅ" ይሉት ነበር።

ጽሑፉን ቀርጾ በጨረሰበት ቀን፣ ቀትር ላይ ዋርሳው፣ የሟች ሚስቱ ታናሽ እህት፣ ምሳ ይዛለት መጣች። ከመሮዎቹ መሃል ቦታ ፈልጋ ሳህኑን አስቀመጠችና አዲሱን ድንጋይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የቤተ ክርስቲያኑ ነዋ። ማንበብ አትችይም?"

"አነበብኩት እንጂ። ከሥሩ ያሉት ሁለቱ ጉድጓዶች ምንድን ናቸው?"

ጠራቢው አየና ክው አለ፤ እጁ በልማዱ ሁለቱን የዓመት ቦታዎች ቆፍሯቸዋል።

"በል እንግዲህ፣ የእግዜርን ልደት ሙላልን! መሞቻውንስ ማን ነገረህ?" አፏን በእጇ ያዘች፤ አልሆነም፤ ሳቋ ሥራ ቤቱን ሞላው።

"አትሳቂ፤ ቄሱ ቢያዩ ምን ይላሉ?"

"ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይላሉ፤ ሌላ ምን ይላሉ!"

እሱ ግን አልሳቀም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ከሚያውቀው ነገር ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይም ቢሆን ተራራው የቆመበት ቀን አለው። ተራራውን ያቆመውን አምላክ ግን፣ ልክ እንደ ሟች ጎረቤቱ በሁለት ጉድጓድ መሃል ሊያስቀምጠው!

"ለእሱ የምሞላው የለኝም" አለ በለሆሳስ።

"ከየት ታመጣለህ?" ሳቋ አልቆ ነበር። ወደ ጥጉ ዞር ብላ አየች። "ባዶ የሚሆነው የእሱ ብቻ ነው ጋሼ። የእህቴን ለምን የእሱን ታስመስለዋለህ?"

"ከቀረጽኩትማ አለቀች።"

"ካልቀረጽከው አለች? እህቴን የያዛት እግዜር ነው። ያንተ ባዶ ቦታ አልያዛትም።" ነጠላዋን አስተካከለች። "የመቃብሯ አፈር ሰጥሟል። ትናንት ሄጄ አየሁት።" ሳህኑን ሳትከፍትለት ወጣች።

ጠራቢው ምሳውን አልነካም። የሚስቱን ድንጋይ አቅፎ አመጣና ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። በመጀመሪያው ቁጥር ላይ መሮውን ደጋግሞ አነሳና መልሶ አሳረፈ፤ በሁለተኛው እጁ ሥራውን አስታወሰ። የለመደ እጅ ጨካኝ ነው፤ ባለቤቱ እያለቀሰ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል።

"ጌታዬ፣ የእሷ ልክ ይኸው" አለ መሮውን ሲያስቀምጥ። "አንተን ግን እኔ አልለካህም።"

አቧራውን እፍ አለውና ቀና ሳይል፣ "ነይ እስኪ እዪው፣ ተጣሟል?" አለ ጮክ ብሎ። ሥራውን ሁሉ በዓይኗ ለክታ የምታሳልፍለት ሚስቱ ነበረች።

የመለሰለት የለም። ኋላ ራሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። አልተጣመመም።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ዞረ። ልኩ ለበሩ የተሰጠ ስለሆነ ግርጌውን ቆርጦ መጣል አይቻልም፤ ፊቱ በሙሉ ዝቅ ብሎ መጠረብ፣ ፊደሉም እንደ አዲስ መቀረጽ አለበት። የብዙ ቀን ሥራ ነው፤ እሱም ሌላ የሚጠብቀው አልነበረም። መዶሻውን አነሳ።