ክታብ ያልሆነው ቃል

ዋጋዬ የክኒኑን ሳጥን ስትከፍት የሰኞውም፣ የማክሰኞውም፣ የረቡዑም ክኒን ሳይነካ እንዳለ ተቀምጧል። የሦስት ቀን የደም ማቅጠኛ፣ የሦስት ቀን የግፊት መድኃኒት። ከሳጥኑ አጠገብ አንገቱ በቀይ ክር የታሰረ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል፤ ከሥሩ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ወረቀት አለ።

ይህን ወረቀት ታውቀዋለች። የተጻፈበት ፊደል ሌላ ይሁን እንጂ በደንብ ታውቀዋለች።

«ጃስሊን!» ብላ ጮኸች። «ነይ እስቲ ወደዚህ!»

ዋጋዬ በኦስሎ ኮሙን፣ በከተማው አስተዳደር፣ የቤት ለቤት አስታማሚ ናት። ጠዋት ጠዋት በትቬይታና በአካባቢው ፎቅ ለፎቅ እየዞረች ሽማግሌ ታጥባለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ መድኃኒት ታስውጣለች። ከምትንከባከባቸው ሰዎች ሁሉ አብልጣ የምታከብረው ኪርፓል ሲንግን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የኦስሎን አውቶቡስ የነዱ፣ ጥምጣማቸውን ሳያስሩ ደጅ የማይወጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው። በኖርዌይኛ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው፤ እሷ ግን በልቧ ጋሼ ትላቸዋለች። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተዘጋ። ከአፍ መፍቻቸው ከፑንጃቢውም ከኖርዌይኛውም የተረፋቸው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ናይ»፣ የኖርዌይኛው «አይደለም»። ሲጠሉም ናይ፣ ሲፈልጉም ናይ።

ጃስሊን ልጃቸው ናት። እጇን በፎጣ እያደራረቀች ወጣች።

«ሦስት ቀን እረፍት ብወጣ ክኒኑ ለምን አልተዋጠም?»

«ዋጋዬ፣ አትቆጪኝ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው አገኘሁ። የፈውስ ማንትራ ያውቃል፣ የሚደገም ቃል ማለት ነው። በድምፅ ቀድቶ የላከልኝን አርባ አንድ ቀን በአባቴ ላይ አሰማለሁ፤ ውሃውንም ይጠጣል። ክኒን ግን ቃሉን ያረክሰዋል አለ።»

እውነትም ከአልጋው ራስጌ ከተቀመጠው ስልክ የማያባራ የወንድ ድምፅ ይንቆረቆራል። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«አንቺ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ነሽ! ተማሪዎችሽን እግዜር ይሁናቸው!»

ጃስሊን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «የፊታችን ሐሙስ የኮሙኗ ሴት ልትገመግመው ትመጣለች። እኔ ሥራ ስውል እሱ ብቻውን ነው። የእጁን የድረሱልኝ አላርም ተጭኖ ምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ ከቤቱ ወጥቶ ሲክየም፣ መጦሪያ ቤት ይገባል ብለዋል። ሲክየም የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሆነ አላየሽም? እንባው በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው የወረደው። ምን ላድርግ? ውሃውንም እኮ አልጠጣም አለኝ። ናይ፣ ናይ እያለ ይገፋዋል።»

ዋጋዬ ስልኳን አወጣች። ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ የዛሬው ይቀጥል ተባለች፤ የቧንቧ ውሃ ቀድታ አስዋጠችና ወጣች። ወረቀቱን ኪሷ ከትታዋለች።

ታላቅ ወንድሟ ኃይለአብ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሐኪም ክኒን ሰጠው፤ ጠንቋይ ደግሞ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አንገቱ ላይ አስሮ ክኒኑን አስጣለው። አንድ ቀን ወንዝ ሲሻገር በሽታው ጣለው። ሬሳው ሲወጣ ክታቡ አንገቱ ላይ ነበር። ውስጡ ውሃ እንኳ አልገባም፤ ስፌቱ ጥሩ ነበር።

መኪናው ውስጥ መሱዳ መሪውን ይዛ ትጠብቃታለች። መሱዳ የወሎ ልጅ ናት፤ ሁለቱ በአንድ የኮሙን መኪና ከሠሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«እነዚህ ሲኮች! ሃይማኖታቸው ሙሉ በሙሉ ድግምት ነው ለካ!»

«ጠይቀሻል?»

«በዓይኔ አይቼ ምን እጠይቃለሁ!»

«ወላሂ ዋጊ፣ አንቺን ዳኛ አድርገውሽ ቢሆን አገር እስር ቤት ገብቶ አልቆ ነበር። ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ፣ በቃ ፍርድ!»

«እናንተም እኮ ዱዓ እያላችሁ ክታብ የምታስሩ ናችሁ።»

«የሚያስርም አለ፣ የሚቀድድም አለ። አያቴ ክታብ ሲያይ መቀስ አምጡ ነበር የሚለው። እነሱስ ክታቡን የሚቀድድላቸው ሰው የላቸውም? ቤተ ጸሎታቸው እዚህ አልናብሩ ነው። ሂጂና እነሱ ላይ ጩኺ። እኔማ ጆሮዬ ደከመ፣ የኔ ጴንጤ።»

እሑድ ከቸርች እንደወጣች ሄደች። ቤተ ጸሎቱ በአልናብሩ መጋዘኖች መሃል ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ በር ላይ ከተደረደሩት ሻሾች አንዱን ራሷ ላይ ጥላ፣ ንግግሯን በልቧ እያዘጋጀች ገባች። አንዲት ሴት እጇን ይዛ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ ወዲያው ምስርና ቂጣ ያለበት ትሪ ፊቷ ተቀመጠ። በግራዋ ቡናማ ቦርሳ የያዘ ነጭ ኖርዌጂያን፣ በቀኟ ቀለም የነካው ቱታ የለበሰ ሠራተኛ፣ ሁሉም እኩል መሬት ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምታምን፣ ምን ፈልጋ እንደመጣች የጠየቀ የለም። ለጠብ የመጣ ሰው እንዲህ ሲቀበሉት ይናደዳል፤ ዋጋዬም ተናደደች። ምስሩ ጣፋጭ መሆኑ ደግሞ አባሰባት።

ቅዱስ መጽሐፋቸውን የሚያነቡትን ሰው እንድትጠራላት ያቺን ሴት ለመነች። «ጊያኒ» የሚባሉት አዛውንት እስከ ክርናቸው እርጥብ ሆነው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ትሪ ሲያጥቡ ነበር።

ዋጋዬ ወረቀቱን ምንጣፉ ላይ ወረወረችው። «ይህ ነገር ሰው ሊገድልብኝ ነው።»

ጊያኒው ፈትተው አነበቡት። ጆሯቸው ቀላ።

«ማን ነው የሰጠሽ?»

«የእናንተው ሰው ነዋ።»

«የእኛ ሰው!» ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው፤ ትሪ የያዘው ሁሉ ዞር አለ። «የሃይማኖታችን መምህራን፣ ጉሩዎቻችን፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ክታብን፣ አስማትን፣ ቀን ቆጣሪን በአደባባይ አዋረዱ። ዛሬ አንዱ ወስላታ ዌብሳይት ከፍቶ፣ ቃሉን በክር አስሮ ይሸጣል! ክኒን ያረክሰዋል? እንዴት ያለ ቃል ነው በክኒን የሚረክስ?» ሸሚዛቸውን ገልበጥ አድርገው ሆዳቸው ላይ የተለጠፈውን የኢንሱሊን መሣሪያ አሳዩአት። «እኔም ረክሻለሁ ማለት ነው!»

ዋጋዬ በሕይወቷ ከራሷ የበለጠ የሚቆጣ ሰው ሲገጥማት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ተነጥቆ ተነገረባት።

«ታዲያ ማንትራ የላችሁም?» አለች፣ ቀዝቀዝ ብላ።

«እንዴት የለንም? ያ ድስት የሚፈትገው ሰውዬ ጠዋት የሚለው፣ እኔም የምለው አለ። ምስጢር የለውም፣ ባለቤት የለውም። ፈጣሪ አንድ ነው፣ የሚፈራው የለም፣ የሚጠላው የለም ይላል። በሽተኛ አጠገብም እንለዋለን። የፈጣሪ ስም መድኃኒት ነው ብለን እናምናለን፤ ግን ልጄ፣ ለደም ግፊት ሳይሆን ለዚህ ነው።» ደረታቸውን በእርጥብ ጣታቸው ነኩ። «ሰው ሲታመም በፍርሃት ተከቦ እኔ፣ እኔ፣ እኔ ይላል። የፈጣሪን ስም ሲጠራ ከዚያ ከበባ ይወጣል። ሐኪም ሥጋውን ያክማል፤ ይህ ደግሞ ብቻውን እንዳልሆነ ያስታውሰዋል። ሌላ ተአምር የለውም። ይህ ራሱ ትንሽ ነው?»

ጊያኒው ወረቀቱን ጨመደዱትና ጠየቁ።

«በሽተኛው ማን ነው?»

«ኪርፓል ሲንግ።»

«ሹፌሩ ኪርፓል!» ቁጣቸው ረገበ። «ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡሱን ሲያስነሳ የሚለው ይህንኑ ጸሎት ነበር። ከእሱ ጋር አብራችሁ ብላችሁታል?»

«ሌሊትና ቀን በስልክ ይሰማሉ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። በላዩ ላይማ ለሬሳም ይባላል። ከእሱ ጋር አብራችሁ ብላችሁታል ወይ?»

ሰኞ ጠዋት ዋጋዬ በሩን ከፍታ ስትገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ስልኩ ጠፍቷል። ጃስሊን ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ጊያኒ ደውሎ አርባ ደቂቃ ጮኸብኝ» አለች። «ከዚያ አብረን አለቀስን። ጸሎቱን አብሬው ለማለት አንቺን ስጠብቅ ነበር። ብቻዬን ፈራሁ።»

የአባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ግራ እጃቸውን ያዘች። የጸሎቱን መጀመሪያ ሁለት ቃላት አለች፤ ከሦስተኛው በፊት አቆመች።

አዛውንቱ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ዋጋዬ «ናይ» ሊመጣ ነው ብላ ጠበቀች። የመጣው ግን ሦስተኛው ቃል ነበር። ከዚያ አራተኛው። ከዚያ ያ አራት ወር የተዘጋ ድምፅ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ግን አንድም ቦታ ሳይሰናከል፣ እንደሚያውቀው መንገድ ከማቆሚያ ወደ ማቆሚያ እየተሻገረ እስከ መጨረሻው ሄደ። ጃስሊን ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ጀርባቸው ቀና፣ አገጫቸው ከፍ ብሎ፣ መሪ እንደጨበጠ ሰው ተቀመጡ።

ሎጎፔዷ፣ የንግግር ሐኪሟ ማለት ነው፣ በቃል የተያዘና የተዜመ ነገር ከሌላው ንግግር ተለይቶ ሊተርፍ እንደሚችል አንድ ጊዜ ነግራት ነበር። ዋጋዬ ይህን አስታወሰች። ግን ነገሩ ይህ ብቻ ከሆነ፣ ጃስሊን የልደት ዘፈንም፣ የሕፃናት መዝሙርም ሞክራ ነበር፤ ሰውየው ግድግዳ ነው ያዩት። የትኛው ዘፈን ነው የሰውን ጀርባ እንዲህ የሚያቀና?

ክኒኑን በመዳፏ ዘረጋችላቸው። አዛውንቱ ወሰዱት። ከዚያ በግራ እጃቸው ያንን ጠርሙስ ሳቡ፣ ቀዩን ክር በጥርሳቸው በጥሰው ተፉት፣ ክዳኑን አስከፈቱና ክኒናቸውን በፈውስ ውሃው አወራረዱት።

ዋጋዬ እስኪያማት ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አባትና ልጅ አብረው ይላሉ። ረቡዕ ዕለት ዋጋዬ ሻይ ላፍላ ወይ ብላ ስትጠይቃቸው የጸሎቱን መጀመሪያ አሰሙ። ሻዩን የባረኩ መስሏት «አሜን» ብላ ቀዳችላቸው።

ሐሙስ የኮሙኗ ሴት መጣች፤ ጨዋ፣ ዝግ ያለች፣ ታብሌት የያዘች።

«ኪርፓል፣ ብቻህን ሆነህ ብትወድቅ ምን ትላለህ?»

«ናይ።»

ሴትዮዋ ጻፈች። «የምትፈልገውን መናገር ትችላለህ?»

«ናይ።»

አሁንም ጻፈች። ጃስሊን ከንፈሯን ነከሰች። ዋጋዬ፣ ጣልቃ እንዳትገባ አስቀድሞ የተነገራት፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨምቃ ቆማለች። ጋሼ ኪርፓል የሴትዮዋን ጣት፣ ከዚያ ልጃቸውን፣ ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን አላርም አዩ። ማንም ሳያዛቸው ተጫኑት።

«ሃይ ኪርፓል፣ ምን ሆንክ?» አለ ከአላርሙ የድምፅ ሣጥን አንድ ወጣት ድምፅ።

ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ አጥርተው።

«አልገባኝም። ወድቀሃል?»

ጸሎቱ ቆመ። «ናይ።»

«ሰው ልላክልህ?»

«ናይ።»

ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች። «ይህን ቃል ለሁሉም ነገር ነው የሚለው። ምንም አያረጋግጥም።»

በዚህ ጊዜ የሻዩ ነገር ዋጋዬን እንደ ጥፊ መታት። አልባረኩትም! ጠይቃቸው መለሱላት እንጂ! የተነገራትን ሁሉ ረስታ ወደ ሣጥኑ ተንደረደረች።

«ደህና ነህ ወይ ብለህ ጠይቀው!»

«እሺ... ኪርፓል፣ ደህና ነህ?»

የጸሎቱ የመጀመሪያ ሁለት ቃላት።

«ልጅህ አጠገብህ ናት?»

ሁለቱ ቃላት።

«ብቻህን ነህ?»

«ናይ።»

«አልጋ ላይ ነህ?»

«ናይ።» ወንበር ላይ ነበሩ።

«ወንበር ላይ?»

ሁለቱ ቃላት፤ በዚህኛው ላይ ፈገግታ ተጨመረበት።

የኮሙኗ ሴት ራሷ ሦስት ጥያቄ ጨመረች፣ አንዱን ሆን ብላ አጣመመችው። አልተሳሳቱም። ታብሌቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«ሲጸልይ አዎ ማለቱ ነው ብለሽ ጻፊ» አለች ዋጋዬ። «ቃላቱንም እንደሚሰሙት ጻፊያቸው፣ አላርም የሚመልሱት ሁሉ ይወቁት። ቋንቋውን ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ሰው መስማት ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ቃላቱን ጃስሊንን እያስደገመች ጻፈች። ሦስት ወር እቤታቸው ይቆዩ፣ ከዚያ ይታያል አለች። ጃስሊን አባቷን አቀፈቻቸው፤ እሳቸው በትከሻዋ በኩል ዋጋዬን አዩና ሁለቱን ቃላት ደገሙላት።

መሱዳ ከታች መኪናውን አስነስታ ትጠብቃለች።

«እህ?»

«ቤታቸው ይቆያሉ።»

«አልሐምዱሊላህ! አብሽሪ ብዬሽ ነበር።» ዋጋዬ የሆነውን ሁሉ ስትነግራት መሱዳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንግዲህ የኮሙኑ መዝገብ ውስጥ ድግምት አስገባሽ በይኛ!»

«ድግምት አይደለም አልኩሽ!»

እንዲህ ስትጮህ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ጎንበስ ብላ አየች። ዋጋዬ ቀና ብላ አየቻትና፣ በአማርኛ፣ ለእሷም ነገረቻት።

«አይደለም!»