አደይ ለጉይላን

ሹፈንና ጉይላን አምቦ ከገቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሁለቱም ቻይናዊ፣ ሁለቱም አያት፤ መንገድ ሊሠሩ የመጡ ልጆቻቸውን ተከትለው መጥተው፣ ከካምፑ አጥር ሳይወጡ ለሠራተኛው ሲቀቅሉና ሲያጥቡ ኖሩ። ካምፑ ተነስቶ ልጆቻቸው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ እነሱ ቀርተው፣ እንግዳወርቅ ከምትባል ሴት ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ሁሉቃ ወንዝ ዳር ጎመን ማልማት ጀመሩ። ጎረቤቱ "እነዚህ ሴቶች ወገብ የላቸውም እንዴ?" ይላል። ወገብስ አላቸው፤ የሌላቸው መቀመጥ ነው። ነሐሴ ላይ ግን ጉይላን አልጋ ያዙ።

ሐኪሙ "ቤታቸው ይረፉ" ብሎ ሲመልሳቸው ሹፈን ነገሩ ገባቸው። ጎመኑን ትተው ጓደኛቸውን ቀን ከሌት ማስታመም ጀመሩ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት በማለዳ የእንግዳወርቅ ልጅ ሃዊ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እየዘፈነች ገባችና አንድ እቅፍ አደይ አበባ ጉይላን ደረት ላይ አኖረች። ሹፈን ክው አሉ። በሳቸው አገር እንዲህ ያለ ቢጫ አበባ ለመቃብር ነው የሚወሰደው፤ በሽተኛ ደረት ላይ ማኖር ማሟረት ነው። አፍሰው ደጅ ወረወሩት።

"አልሞተችም! ሂጂ!"

ልጅቷ እያለቀሰች ሮጠች። ወዲያው እናቷ ነጠላዋን እየጎተተች መጣች።

"ምነው እማማ? በዓመት በዓል የልጅ አበባ ይጣላል? ክረምቱን ላለፈ ሰው እኮ ነው የሚሰጠው! እንኳን አሸጋገረዎ ማለት ነው!"

ሹፈን ግማሹ አልገባቸውም። አማርኛ የሚሻላቸው ጉይላን ግን ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ሰሙ፤ ለሹፈንም ተረጎሙላቸው። "ካበበበት ውሰጂኝ" አሉ በአገራቸው ቋንቋ።

በባጃጅ ወደ ወንጪ መንገድ ወጡ። ሜዳው ከዳር ዳር አደይ ነው። ሹፈን ይህን ቅጠል ስንቴ አረም ብለው ነቅለውታል! ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ጉይላንን ደግፈው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ገና መጀመሪያቸው ነው። ጉይላን አፍንጫቸውን የአበባው ብናኝ ቀብቷቸው እንደ ልጅ ሳቁ። ሹፈንም ሳቁ። ደስ አላቸው፤ ጓደኛቸው እየሞተች ደስ ስላላቸውም አፈሩ።

"ለመቃብሬም ይህንኑ አምጪልኝ" አሉ ጉይላን።

ጥቅምት ሲጋመስ አረፉ። የእንግዳወርቅ ዕድር ድንኳን ተከለላቸው። አደዩ ግን ረግፏል። ሹፈን መንገድ ለመንገድ ፈልገው አንዲት እንኳ አጡ፤ ጓደኛቸውን ባዶ እጃቸውን ቀበሩ። ይህ ነገር ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግባቸው ከረመ።

በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ሃዊ አበባዋን ይዛ ሰፈሩን ስታዳርስ የሹፈንን በር ዘላ አለፈች።

"ሃዊ!" ብለው ተጣሩ። ጎህ ሲቀድ ሜዳ ወርደው የለቀሙት ሁለት እቅፍ አደይ ደጃፉ ላይ ነበር። አንዱን አንስተው ሰጧት። "እንኳን... አሸጋገረሽ" አሉ፣ ቃሉን እየፈለጉ።

"ያኛውስ የማነው፣ አኮ?" አለች፤ አያቷን እንደምትጠራው በኦሮምኛ።

"የጉይላን።"

ሃዊ ከራሷ አንዲት አበባ መዝዛ ጨመረችበት።

"እንኳን አደረሰዎ በሉልኝ።"

ሹፈን እንደ አምናው አልተቆጡም። አበባዋን ተቀብለው ወደ መቃብሩ መንገድ ጀመሩ።