የኮሪደሩ ዓሣ ነባሪ

አንድ ልጅ ዓሣ ነባሪን አውራ ጣት አሳክሎ በወረቀት ጥግ የሚሥለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወረቀቱ ለነገም ስለሚፈለግ ነው። በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ በሃርላን ፌሪ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የምታስተምረው ዊልማ ስታምፐር አንዱን ወረቀት ለአራት ቀድዳ ታድላለች። ያንንም የምትገዛው ከደመወዟ ነው። ሀገሩ ግን ሀብታም ነው ይባላል።

አንድ ቅዳሜ፣ ሰዎች የለገሱት የትምህርት መሣሪያ ለአስተማሪዎች በነፃ ወደሚታደልበት መጋዘን ሄደች። ያልተከፈተ ቀለም እስከ ጣራው ተደርድሯል። ጋሪዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

“ስንት ይፈቀድልኛል?” አለች።

“ጋሪሽ የቻለውን” አሏት በር ላይ የቆሙት ጡረተኛ አስተማሪ። “እዚህ በጠባብ ልብ አይገባም፣ ልጄ።”

ቀለሙን ጫነች፤ ከማተሚያ ቤት የተረፈ አንድ ትልቅ ጥቅል ወረቀትም ጨመረች።

ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ቨርነን ጥቅሉን በኮሪደሩ እየገፋ ዘረጋው። “ዊልማ፣ ወረቀት ነው ያመጣሽው ወይስ አስፋልት?”

“ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በእውነተኛ ልኩ ሣሉ” አለቻቸው ለልጆቹ።

ልጆቹ ተያዩ። በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው ኮሪን እጇን አወጣች።

“የቱ ጥግ ላይ፣ ሚስ?”

“ጥግ የለም። ሁሉም የእናንተ ነው።”

“ብናበላሸውስ?”

“ሌላ አለ።”

ዊልማ ባስተማረችበት ዘመን ሁሉ ይህን ተናግራ አታውቅም ነበር፤ ለራሷም ጆሮ እንግዳ ሆነባት።

የዓሣ ነባሪው ራስ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ተነሣ፤ ጅራቱ ምግብ አዳራሹ ደጃፍ ደረሰ። ኮሪን የልቡን ዙሪያ በከሰል ሠራችና፣ ሳትቀባው በፊት እመሃሉ ገብታ ተጠቅልላ ተኛች።

“ሚስ፣ ልቡ ውስጥ ገባሁኮ።”

የሚንጫጩት አንደኛ ክፍሎች እዚያ ሲደርሱ ግድግዳውን ታክከው በእግር ጣታቸው እየረገጡ አለፉ። ዊልማ ቤተ መቅደስ ደጃፍ እንደ ደረሰ ሰው ጫማዋን አውልቃ ወረቀቱ ዳር ተንበረከከች።

ሐሙስ የትምህርት ቦርዱ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ሃስኬል የሥዕሉን ፎቶግራፍ በስብሰባው ለተገኙት ወላጆች አሳየና ፈገግ አለ። “ለጋሾች እንዲህ ካጠገቡን፣ የመጪውን ዓመት የወረቀትና የቀለም በጀት ብንሰርዘው ማንም አይጎዳም።”

ዊልማ ተነሣች።

“ረጋ በይ” አላት ቨርነን እጅጌዋን ይዞ።

“እስከ ዛሬ ረግቼ ምን አገኘሁ?” አለችውና ወደ መድረኩ ዞረች። “ሚስተር ሃስኬል፣ ሰው የሰጠው እናንተ በምትሰጡት ላይ ሊጨምር እንጂ የእናንተን ዕዳ ሊሸፍን አይደለም። ጎረቤት ልጅዎን እራት ቢያበላ፣ እርስዎ ምድጃውን ያጠፋሉ?”

“ወይዘሮ ስታምፐር፣ በኋላ ቢሮ ብቅ ይበሉና እንነጋገርበታለን።”

“ቢሮ አልመጣም። መጋዘኑ ባዶ በሆነ ዕለት ለእነዚህ ልጆች የሚሰጣቸው ማን ነው? ማይክራፎኑ እፊትዎ ነው፤ ወላጆቻቸው እየሰሙ አሁን ይመልሱ።”