ዘጠነኛው መስመር

ነገሩ ከመለወጡ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። የወንዶች ተኝቶ ሕክምና ክፍል ሃያ አራት አልጋና አንድ በር አለው። በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ታችኛው ጠርዙ ወለሉን እየፋቀ ይጮኻል። የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቹ አሥራ ስድስት ናቸው። ጽኑ ሕመምተኛን እንዴት ማነጋገር እንዳለባቸው የምታስተምራቸው ሐኪም ሃያ መስመር ያለው መመዘኛ ቅጽ አላት፤ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ራይት፣ ለእያንዳንዱ ራይት አንድ ነጥብ። ቅጹን አበጥራ ለማዘጋጀት ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት አሥራ ሰባት ነጥብ ሦስት ደርሷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ባለፈው ወር ሰላሳ አንድ ታካሚዎች ስለ ሕመማቸው ምን እንደተነገራቸው ሲጠየቁ፣ ሃያ ስድስቱ የመለሱት «ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው» ብለው ብቻ ነው።

ሐኪሟን ያንገበገባት ይኸው ጨዋነት ነበር። የሚያመናጭቅ ተማሪ ቢኖር ትቆጣዋለች፣ ታርመዋለች። ጨዋን በምን ታርመዋለች?

ማክሰኞ ጠዋት ቅጹን ይዛ ከአሥራ አንደኛው አልጋ መጋረጃ አጠገብ ቆመች። በአልጋው ላይ ያለው የስድሳ ሦስት ዓመት አናጺ ነው። ካንሰሩ ከትልቁ አንጀት ተነሥቶ ጉበቱ ላይ ደርሷል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት አልያዘለትም። ሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት ሊጀመርለት ነው። የስምምነት ወረቀቱን የፈረመው ትልቁ ልጁ ነበር። «እሱ ብዙ አይጠይቅም፤ እኔን አነጋግሩኝ» ብሎ ሁሉን ነገር በራሱ ጨርሶታል። ሐኪሟን ይህ አልዋጥልሽ አላት። መድኃኒቱ ሊሰጥ የሚችለው ጥቂት ወራት ብቻ እንደሆነ አናጺው ከሐሙስ በፊት ማወቅና ራሱ መወሰን አለበት። የቀረው ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከተማሪዎቹ አንደኛ የሚወጣውን ላከችለት።

ይህን ተማሪ ጓደኞቹ አፈ ቅቤ ይሉታል፤ ልበ ጩቤውን ትተው።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«ደህና። ይሄ በር ባያስተኛንም ደህና።»

አፈ ቅቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ራሱን አስተዋወቀ፣ ለመነጋገር ፈቃድ ጠየቀ። ሐኪሟ ሦስት ራይት አደረገች።

«ፊትዎ ላይ ሐዘን አያለሁ፤ ስሜትዎ ይገባኛል» አለ ተማሪው።

«ምኑ ነው የገባህ ልጄ?»

ተማሪው ዝም አለ። አሥራ ሁለተኛው መስመር «ለታካሚው አሥር ሴኮንድ ዝምታ መስጠት» ይላል። ጣቶቹ ጭኑ ላይ አንድ በአንድ ይነሡ ጀመር። አናጺው ጣቶቹን ሲመለከት ቆየ።

«ስንት ደረስክ?»

«እ?»

«ቆጠራውን ነዋ። ሰባት መሰለኝ። ጨርስ፣ አልረብሽህም።»

በአሥራ ሁለተኛው አልጋ የተኛው ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አናጺው ግን አልሳቀም።

«እኔ የምልህ፣ ይሄን በር አየኸው? በር ከወለል አምስት ሚሊሜትር መነሣት አለበት። አምስት። እቤቴ ያልተሰቀለ በር አንድ አለኝ፤ የሴቷ ልጄ የመኝታ ቤት በር ነው። ግድግዳ ተደግፎ አሥር ወሩ። አባቷ አናጺ ሆኖ እሷ በመጋረጃ ትኖራለች ብሎ ሰፈሩ ይስቅብኛል። የቀረው መላግና መስቀል ነው፤ ግን እጅ ይፈልጋል...»

«ስለ በሩ በኋላ እንጫወታለን አባባ» አለ አፈ ቅቤ፣ ድምፁ እንደ ስሙ ለስልሶ። «አሁን ወደ ሕክምናዎ እንመለስ።»

ዘጠነኛው መስመር፤ ራይት።

አናጺው የበሩን ነገር ሦስት ጊዜ አነሣ፣ ሦስት ጊዜ በትሕትና ወደ ሕክምናው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ያለውን ሁሉ «እሺ» እያለ ተቀበለው። ውጤት፣ ሃያ ከሃያ።

ኮሪደር ላይ ሐኪሟ ቅጹን አጥፋ ያዘች።

«ምን ጠየቁህ?»

«ማን?»

«ጎረቤቴ። ማን ይሆናል፣ ታካሚው እንጂ።»

አፈ ቅቤ አሰበ። «ምንም አልጠየቁም ዶክተር። ትንሽ ከርዕስ ይወጣሉ፤ እሱንም መልሻቸዋለሁ።»

ደሟ ፈላ። ልትቆጣው ቅጹን ዘረጋችና የታካሚው ጥያቄ የሚጻፍበትን መስመር በጣቷ ፈለገች። ከአንድ እስከ ሃያ ወረደች፤ የለም። መልሳ ስትወጣ ጣቷ ዘጠኝ ላይ ቆመ። «ታካሚው ከርዕስ ሲወጣ በትሕትና መመለስ።» ይህን ያስገባችው እሷ ናት። አንድ ታካሚ ስለ ጎረቤቱ አጥር አርባ ደቂቃ ያወራ ዕለት የጻፈችው ነው፤ ስለ አጥሩ ለምን እንዳወራ ግን አልጠየቀችም።

የአናጺውን ካርድ አወጣች። «ሥራ፦ አናጺ» ይላል፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ። ከሥሩ ሐሙስ የሚጀመረው መድኃኒት ስም አለ፤ ከሚወስዱት አሥር ሰዎች የስድስት ሰባቱን ጣት የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ገጽ፣ በሁለት ጣት ርቀት፣ ስምንት ቀን ሙሉ ነበሩ። በጨዋነት ጆሮ መድፈንን ሁለት ዓመት ያስተማረች እሷ ራሷ ናት። የሚያናድደው፣ የምትቆጣው ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው።

«ቅጹን እርሳውና ተመለስ። ስለ በሩ ጠይቃቸው።»

«ከዚያስ ምን ልበል?»

«ምንም። ጥያቄያቸውን ይዘህልኝ ና።»

«ዶክተር፣ እኔ ስለ በር ምንም አላውቅም።»

«እሰየው። እንግዲያው ታዳምጣለህ።»

ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆየ። በመሐሉ አባቱን ሊጠይቅ የመጣው ትልቁ ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ «ዶክተር፣ አባቴ በር በር ሲል ነው የሚውለው፤ ተማሪውን ሥራ አታስፈቱት» አላት። አፈ ቅቤ ሲመለስ ፊቱ ላይ ያ ልስላሴ አልነበረም።

«ከሐሙስ በኋላ እጄ መላጊያ ይይዛል ወይ ነው ያሉኝ። አምስት ቀን ሙሉ ለመጣ ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ ይላሉ።»

«ምን መለስክ?»

«አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ አልኩ። ተሳሳትኩ እንዴ?»

«ዘንድሮ ከአንተ የሰማሁት የመጀመሪያ እውነት ነው። ና።»

ገቡ፤ በሩም ጮኸ። ሐኪሟ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጣቶችዎ ሊደነዝዙ ይችላሉ» አለች። «ከአሥር ሰው ስድስት ሰባቱ ላይ ይደርሳል። አንዳንዱ ላይ አይለቅም።»

«ዶክተር...» አለ ልጁ ከራስጌ ሆኖ።

«ቆይ አንተ» አለ አናጺው። «ፈርመህልኛል አሉ። በማን እጅ?» ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ካልወሰድኩትስ ስንት ጊዜ አለኝ?»

«ሁለት ወር፤ ምናልባት ሦስት። በትክክል የሚያውቅ የለም።»

«ከወሰድኩትስ?»

«አራት፣ አምስት ሊሆን ይችላል።»

አናጺው ጣሪያውን አየ። አሁን ማንም አልቆጠረም። ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ና ወዲህ» አለው አባቱ። «አታልቅስ፤ በሩን የምትይዝልኝ አንተ ነህ። ከባድ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት መድኃኒቱ አልተጀመረም። አናጺው የሕመም ማስታገሻውን ይዞ ቤቱ ሄደ። አፈ ቅቤም በየሳምንቱ ቤቱ ሄዶ እንዲያየው ተመደበ።

ሐኪሟ ዘጠነኛው መስመር እንዲሰረዝ ለትምህርት ክፍሉ ጻፈች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ አሥራ ዘጠኝ መስመር ከሃያ ነጥብ ጋር ስለማይገጥም ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል ይላል። ጥርሷን ነክሳ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ተማሪዎቹ በበኩላቸው ወሬውን ሰምተው ነበር። በቀጣዩ ማክሰኞ ከአሥራ ስድስቱ ዘጠኙ ታካሚዎቻቸውን ያነጋገሩት ስለ ቤታቸው በር በመጠየቅ ነው። አንድ ሽማግሌ እጇን ይዞ «ዶክተር፣ እነዚህን ልጆች ሌብነት ነው እንዴ የምታስተምሯቸው?» አላት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። «ምን ጠየቁህ?» ብላ አንድ በአንድ ስትጠይቃቸው በትክክል የመለሱት አራት ናቸው።

በአምስተኛው ሳምንት አፈ ቅቤ ከአናጺው ቤት ሲመለስ ቢሮዋ ገባ። አናጺው ተኝቶ እንደሚውልና ሕመሙ በማስታገሻው እንደተያዘ ነገራት፤ አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት ግን ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት መላጊያ ይዟል። ልጁ በሩን ያዘለትና ራሱ ሰቀለው፤ የሴቷ ልጁ መጋረጃም ወረደ። ተማሪው ሲሰናበት አናጺው የራሱን ሜትር አውጥቶ በሩ ከወለሉ የተነሣበትን ክፍተት እንዲለካ አዘዘው፤ ቁጥሩንም ለሐኪሟ ሳይቀንስ ሳይጨምር እንዲያደርስ።

በማጠፊያው በኩል ልክ አምስት ሚሊሜትር፣ በእጀታው በኩል ሦስት ተርፎ ስምንት።