የጾም ካካዎ

የምሥራች መድኃኒት ሸያጭ ናት፤ ሌላው ሰው ገልብጦ የማያየውን የካርቶን ጀርባ ማንበብ እንጀራዋ ነው። ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት፣ የሰው ጤና በደቃቃ ፊደል ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችል ከማንም በላይ ታውቃለች። በዚያ ሁዳዴ እናቷ ባዩሽ እህል እምቢ ብሏት ስትሟሽሽ፣ መላ ፍለጋ የገባችው ወደዚሁ ወደለመደችው የደቃቃ ጽሑፍ ዓለም ነበር።

ባዩሽ ከኪራሙ ወረዳ፣ በግጭቱ መኖሪያነቱ በቀረ ጊዜ፣ የወጣች ሴት ናት። ባሏን ቀድሞ በሽታ ወስዶታል፤ ቤቷን እሳት በላው፤ ላሞቿን ማን እንደነዳቸው እስከዛሬ አልታወቀም። ከነበራት ሁሉ ቀማኛ ሊደርስበት ያልቻለው ጾሟ ብቻ ነበር። ሌላው ተፈናቃይ የይዞታ ወረቀቱን ወይም የልጁን ፎቶግራፍ በጉያው ይዞ ሲገባ፣ እሷ ጾሟን ይዛ ነቀምቴ ገባች። በልጇ ቤት ግን አላደረችም። የየምሥራች ባል ቀነአ ጴንጤ ነው፤ የምሥራችም ካገባችው ወዲህ መጾም ትታለች። «ሥጋና ወተት በሁዳዴ ከምድጃ በማይወርድበት ቤት አላድርም» ብላ ባዩሽ፣ ጎረቤት ወይዘሮ ሸዋጌጥ ግቢ አንዲት ክፍል እንዲከራዩላት አደረገች። ሸዋጌጥ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የተቀበሩ፣ በመንገድ ዳር ሱቋ የምትተዳደር የማኅበር ሴት ናት፤ የባዩሽን ልብ ያገኘችው በገባችበት ሳምንት ነው።

ሐኪሙ ደሟ ማነሱን፣ ሰውነቷ ራሱን መብላት መጀመሩን ተናግሮ፣ ወተትና እንቁላል አዘዘ። የንስሐ አባቷም ክፍሏ ድረስ መጥተው፣ ለታመመ ሰው መፈቀዱን ነገሯት።

«እርስዎ ፈቀዱልኝ አባ» አለቻቸው፤ «እኔ ግን ለራሴ አልፈቀድኩም።»

በወተቱ ፋንታ የቀረበላት ተልባ አስመለሳት፤ ሱፉም እንዲሁ። የምሥራች ያን ጊዜ ትዝ ያላት፣ ከጾሙ መያዣ በፊት ካፌ ወስደዋት፣ እናቷ ትኩስ ካካዎ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ፈታ ያለበት ቀን ነበር። ከኪራሙ ወዲህ ያን ፊት ያየችው ያን ቀን ብቻ ነበር። እንግዲህ የሚያስፈልገው፣ ከላም የመጣ አንዳች ነገር የሌለበት፣ የሚያጠነክርም ካካዎ ነው፤ እናቷ ፋሲካን የምታየው ይህን ከጠጣች ነው።

ገበያው ለዚህ ጥያቄ ደንታ አልነበረውም። በየሱቁ የተደረደረው ጣሳ በሙሉ ወይ ከፊቱ ላም ተስሎበታል፣ ወይ ከጀርባው ወተቱን በደቃቃ ፊደል ሸሽጓል። ከአዲስ አበባ በሹፌር ያስላከችው አንደኛው ዱቄት ንጹሕ ነበር፤ ግን ጥላሸት የመሰለ፣ ምላስ የሚያኮማትር። ሌላው የኮኮናት ዱቄት የተቀላቀለበት ሲሆን፣ ሲበርድ ከላዩ የሚንሳፈፈው ቅባት የፀጉር ዘይት ይሸታል።

«ይኼ እኮ የተቃጠለ ኑግ ነው» አለ ቀነአ፣ ጥቁሩን ቀምሶ።

«ስኳር ጨምርበት።»

«ስኳር ስጨምርበት የተቃጠለ ኑግ በስኳር ይሆናል።» ኩባያውን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ማንኪያ የወተት ዱቄት ጣል አድርጊበት። እናታችን ሀርሜ አታውቅም። እግዜርም የታመመ ሰው ኩባያ ውስጥ ገብቶ አይፈትሽም።»

«እኔ ግን አውቃለሁ።»

«አንቺ እኮ አትጾሚም፣ የምሥር።»

«ለዚህ ነው የማልዋሻት። ብጾም ኖሮ ይቅር ትለኝ ነበር።»

ከኡኬ የመጣ አኩሪ አተር ቆልታ አስፈጨች፤ ዱቄቱን ከጥቁሩ ካካዎ ጋር ቀላቀለች፤ ስኳር፣ ቅንጣት ጨው፣ ጥቂት ቀረፋ ጨመረችበት። በመጠነኛ እሳት እያማሰለች ስታበስለው፣ ምሬቱ ሳይጠፋ ለዘብ አለ፤ ወፍራም፣ ጉሮሮን እያሞቀ የሚወርድ ነገር ሆነ። ቀነአ ሁለተኛ ኩባያ ጠየቀ። ማንቆርቆሪያውም ፔርሙዙም ወተት ነክቶት የማያውቅ አዲስ ነበር። ጾሙን ትታ ስታበቃ ሕጉን እንዲህ አጥብቃ መያዟ ራሷን ገረማት።

በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይዛላት ትሄዳለች። «አስቀምጪው፤ በረድ ሲል እጠጣዋለሁ» ትላታለች ባዩሽ። ፔርሙዙ በማግሥቱ ታጥቦ ይጠብቃታል። የእናቷ ጉንጭ ግን እየጎደጎደ፣ የእጅ አንጓዋ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ቀን የምሥራች በክፍሏ ጀርባ ስታልፍ፣ በግድግዳው ሥር ቡናማ ሆኖ የደረቀ አፈርና በላዩ የሚተራመስ ጉንዳን አየች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ቀረፋ ነበር።

«እማዬ፣ አልጠጣሽውም።»

«ከማን ቤት እንደመጣ አውቃለሁ።»

«ማንቆርቆሪያው አዲስ ነው። ወተት ነክቶት አያውቅም።»

«እጅሽስ?» አለች ባዩሽ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

 የምሥራች ፔርሙዟን ይዛ ወጣች፤ ለተከታዮቹ ቀናት ባዶ እጇን እየሄደች፣ የእናቷን የደም ግፊት ለክታ ትመለስ ጀመር።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ወደ ግቢው ስትገባ ባዩሽ ፀሐይ ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣለች። ኩባያ በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷ ወዝ አውጥቷል፤ ከሸዋጌጥ ጋርም ስለ አንድ ዲያቆን ድምፅ እየተሳሳቁ ነበር።

«አከም ጅርታ የምሥሬ» አለች ሸዋጌጥ። «እናትሽን እይልኝ እስኪ። ሰሞኑን እኔ ያፈላሁላትን ካካዎ ይዛ አትለቅም። ትላንት ጭራሽ ቂጣ ጠየቀችኝ።»

«ምን ዓይነት ካካዎ ነው እትዬ ሸዋጌጥ?»

«ከሱቄ ነዋ።» ሸዋጌጥ ጣሳውን ከመስኮቱ ደፍ አንሥታ ሰጠቻት። ከፊቱ «የጾም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። «ያስረከበኝ ሰውዬ ነው የለጠፈው። እኔ የፈረንጁን ፊደል አላውቀው፤ ነጋዴ ደግሞ ምን ይታመናል። አንቺ ዓይንሽ የተማረ ነው፤ እስኪ አንብቢልንና ልባችን ይረፍ።»

የምሥራች ጣሳውን ገለበጠች። ስኳር፤ ካካዎ፤ ሦስተኛው ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፤ አራተኛው አጓት። እናቷ በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ የታለበ፣ ጢስ ጢስ የሚል የኪራሙ ወተት ብቻ ነው የምታውቀው፤ ፋብሪካ አድርቆ በቫኒላ የሸፈነውን ምላሷ ሊለየው አልቻለም።

ባዩሽ ኩባያውን ከከንፈሯ አርቃ ልጇን ትመለከታለች። በዚያ ቅጽበት የምሥራች ሊሆን ያለውን ሁሉ አየችው፦ እናቷ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ስትከት፤ ከሸዋጌጥ ጋር ያላት ብቸኛ ወዳጅነት ሲፈርስ፤ ስለረከሰው ጾም ቀኖና ተቀብላ ከበፊቱ ይልቅ ስትጨክን፤ ከዚያም በፋሲካ ዋዜማ አራት ሰዎች ተሸክመዋት ሲወጡ። እውነቱ አንዲት ቃል ነበረች፦ ወተት። የምሥራች እስካሁን ከእናቷ ፊት ንጹሕ ሆና የቆመችው እንዲህ ያለችውን ቃል ባለመሸሸጓ ብቻ ነበር፤ ስለንጽሕናዋ ግን ማንም አልመሰከረላትም።

«ስኳር» ብላ አነበበች፤ «ካካዎ፤ ጨው፤ ቫኒላ።»

«ሌላስ?» አለች ባዩሽ።

«ሌላ የለውም። ጾም ነው።»

ባዩሽ ልጇን አየቻትና ኩባያውን ወደ አፏ መለሰች። «ይህን የመሰለ እያለ ነው ያን መራራ ስታመላልሽብኝ የከረምሽው?»

«አልቀመስሽውም እኮ።»

«ሽታው በቃኝ።»

ሸዋጌጥ ሳቀች። የምሥራችም ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷ ጆሮ የሌላ ሴት ሆኖ ተሰማት።

«ሸዋጌጥን ከእንግዲህ አላደክማትም» አለች ባዩሽ። «ከነገ ጀምሮ አንቺው አፍልተሽ አምጪልኝ።»

በማግሥቱ ማለዳ ቀነአ ሚስቱ ከሸዋጌጥ ይዛ የመጣችውን ጣሳ ምድጃው አጠገብ አገኘው፤ ጀርባውንም አነበበ። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። «እስከ ፋሲካ ትዘልቂዋለሽ?» ብቻ አላት። ጣሳውን ከእጁ ተቀብላ ማንቆርቆሪያውን ጣደች።

በዘጠኝ ሰዓት ከእናቷ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ ቀዳችላት። ባዩሽ አማተበች፤ ከዚያ ከልጇ እጅ ተቀብላ፣ እዚያው ፊት ለፊቷ፣ እስከ አተላው ጠጣችው። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያም ከኪራሙ ወዲህ ተናግራው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣

«ያን ጊዜ ስለ እጅሽ ያልኩሽ» አለች። «ክፉ ቃል ነው የተናገርኩሽ። አንቺ መቼም ዋሽተሽኝ አታውቂም። ተቀይመሽኛል?»

«የለም እማዬ» አለች የምሥራች፤ «አልተቀየምኩሽም።»

«እንግዲያው ትንሽ ድገሚኝ።»

ደገመቻት።