መዳፍ ወደ ታች

«እጅዎን እንዴት እንዳደረጉት ያሳዩን፣ አባባ» አለች አዬሌት። መርማሪው ኤላድ ያለው «እጅህን አሳይ» ብቻ ነበር። ዕብራይስጥ አንቱ አያውቅም፤ ቤት ውስጥ አባቷን አንተ የምትል ልጅ ናት ለማስተርጎም ስትቀመጥ አንቱታውን ከራሷ የጨመረችው።

የአባቷ የዳምጤ ቀኝ እጅ ግን ከጃኬቱ ኪስ አልወጣም። ከአደጋው ወዲህ አስራ ሁለት ቀን ሙሉ በግራው ነው የሚበላው። አውቶቡስ ለማስቆም እጁን ስለማያነሳ ሦስት አውቶቡሶች ጥለውት አልፈዋል።

አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት፣ ከቤርሼባ በስተደቡብ ሐዲዱ የፋብሪካውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ፣ መኪና የሚያግደው ማሕሶም ተበላሽቶ ሽቅብ እንደቆመ ቀረ። አለቃው ለጥበቃው ለዳምጤ ቢጫ ሰደርያ አልብሶ «ባቡር ሲመጣ አንተ አቁማቸው» አለው። ፖታሽ የጫነው ባቡር ጡሩንባውን ሲነፋ ከወዲያ ማዶ አንድ የጠጠር መኪና ብቅ አለ። ዳምጤ መዳፉን ወደ መሬት ደፍቶ አርገበገበ። እዚህ አገር ይህ «ለአት፣ ለአት» ነው፤ ቀስ በል፣ ቁም። ምልክቱን እጁ እስኪለምደው ዓመታት ፈጅቶበታል።

ሹፌሩ ግን ፋንታሁን ነበር፣ የጎንደር ሰው። ከቢጫው ሰደርያ በላይ የወገኑን ፊት አየ። ወገን መዳፉን ደፍቶ ሲያርገበግብ ደግሞ «ና» ማለቱ ነው። ፋንታሁን ፈገግ አለ፤ ለሰላምታ ራሱን ዝቅ አደረገና ማርሽ ቀይሮ ወደ ሐዲዱ ገባ።

ሩሲያዊ ቢሆን፣ ቤዱዊን ቢሆን ይቆም ነበር።

የሰፈሩ የሽኩና ዩድ አሌፍ ዋትስአፕ በሟቹ ላይ «ቸኩሎ ነው» ብሎ ፈረደበት። ዳምጤ ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ የሟች ሚስት ውዴ ክንዱን ይዛ «ጋሼ፣ እሱኮ ሐዲድ ሲያይ ሬዲዮ የሚያጠፋ ሰው ነበር። ምን አይቶ ገባ?» አለችው።

«እንጃ፣ እህቴ» አላት።

አሁን ኤላድ ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት ወደ ዳምጤ አዞረ። አዬሌት አነበበችለት፤ «ጥበቃው የቁም ምልክት አሳየ፤ ሹፌሩ ጥሶ ገባ።» ከዚያ የራሷን ቃል ጨመረች፤ «በቃ ፈርም፣ አባ። ጡረታህ ሁለት ዓመት ነው የቀረው።»

«ለእሱ ቁም አላልኩትም።»

«መዳፍህን አልደፋህም?»

«ደፍቻለሁ።»

«ታዲያ ቁም ነዋ!»

«ለእናንተ ነው ቁም። ለፋንታሁን ና ነው።»

አዬሌት በእስራኤል ተወልዳ ያደገች ብትሆንም፣ እናቷ ከግቢ የምትጠራት በዚያው ምልክት ነበር።

«ምን አለ?» አለ ኤላድ።

«ደክሞታል» አለች በዕብራይስጥ።

ዳምጤ ዕብራይስጡ አፉ ላይ ይሰበር እንጂ ጆሮው ደህና ነው። እስክሪብቶውን ሳይፈርምበት መለሰ።

«አንቺ ውጪ ጠብቂኝ፣ ልጄ» አላት። ወንበሩንም ወደ ኤላድ አስጠግቶ፣ በዚያው በሰባራ ዕብራይስጡ «ጻፍ» አለው።